የተማሪ ቅናሽ ያለውን የፎቶ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ደረጃ በደረጃ የመወሰኛ መመሪያ

ትምህርት ሊጀመር ሲል በየዓመቱ ያው ማስታወቂያ ስልካችን ላይ ይመጣል። «ለተማሪዎች ብቻ፣ ከግማሽ በላይ ቅናሽ» ይላል። ዲዛይን የሚማረው፣ የጓደኞቹን ምርቃት የሚያነሳው፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ እየሠራ የቤት ኪራዩን የሚደጉመው፣ ሁሉም ያየዋል። ያጓጓል። ቀኑ ሳያልፍ ልግዛው ያሰኛል።

ዋናው ጉዳይ ግን የቅናሹ መጠን አይደለም። ቅናሹ ባለቀ ማግስት ስንት ትከፍላላችሁ? ያን ጊዜስ በእጃችሁ ምን ሥራ ይኖራል? እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ ውሳኔው አይከብድም። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። አንዳንዶቻችሁ ሁለተኛው ላይ መልሳችሁን አግኝታችሁ ታቆማላችሁ፤ እሰየው።

ምሳሌዬ በአብዛኛው አዶቢ የተባለው ኩባንያ የሚሸጣቸው ፎቶሾፕና ላይትሩም ናቸው። ተማሪዎች በብዛት የሚጠይቁት ስለ እነሱ ስለሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች አሜሪካ ውስጥ የሚሠራባቸው ናቸው። ከአገር አገር ይለያያሉ፣ በየጊዜውም ይቀየራሉ። ስለዚህ ስሌቱን ስትሠሩ ገጹ ላይ ያለውን የዕለቱን ቁጥር ተጠቀሙ።

ደረጃ 1፦ ሥራችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ

የትኛውንም ሶፍትዌር ከማየታችሁ በፊት ባለፉት ሦስት ወራት ከፎቶ ጋር የሠራችሁትን ጻፉ። ልትሠሩት የምትመኙትን ሳይሆን የሠራችሁትን። ስንት ፎቶ ነው? በስልክ ነው በካሜራ? በጄፔግ ነው በሮው (ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል)? ለማን ነው? ተከፍሏችኋል?

ይህን ስትጽፉ ከአራቱ በአንዱ ውስጥ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

በስልክ አንስታችሁ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉ ከሆነ ምንም አትግዙ። ስናፕሲድ ነጻ ነው። የላይትሩም የስልክ መተግበሪያም ያለ ክፍያ ብርሃን፣ ቀለምና ክሮፕ ያሠራል። ንባቡን እዚህ ብታቆሙትም አይጎድልባችሁም።

በካሜራ፣ በሮው፣ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ የምታነሱ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ብዙ ፎቶ በአንዴ የሚያስተካክል ነው። ላይትሩም፣ ኬፕቸር ዋን፣ ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ፎቶሾፕ እዚህ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው።

ፖስተር፣ ባነር፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ ሁለት ሦስት ፎቶ አንድ ላይ የማዋሃድ ሥራ ከሆነ ደግሞ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደር የምስል ንብርብር) ያለው ያስፈልጋል። ፎቶሾፕ፣ አፊኒቲ፣ ጊምፕና ፎቶፒያ በዚህ ወገን ናቸው።

አራተኛው፣ ትምህርት ክፍሉ ያዘዘው ነው። «መምህሩ ፎቶሾፕ ብሏል» ከሆነ ምክንያቱ፣ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሚታረመው የመጨረሻው ምስል ነው ወይስ ሌየሮቹ ያሉበት፣ ፒኤስዲ የተባለው የፎቶሾፕ ፋይል? የመጨረሻው ምስል ብቻ ከሆነ በሌላ ሶፍትዌር መሥራት ትችላላችሁ። ፋይሉ ራሱ የሚታረም ከሆነ ፎቶሾፕን የትምህርት ወጪ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ለመግዛት የሚሟገት አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ፤ እሱም ሥራ ነው። ማስታወቂያ ድርጅት፣ ማተሚያ ቤትና ትልልቅ ስቱዲዮ ውስጥ የሚጠየቀው አሁንም በብዛት ፎቶሾፕ ነው። ተመርቃችሁ እዚያ መቀጠር ከፈለጋችሁ በተማሪነት ዘመናችሁ እጃችሁን ማፍታታት ዋጋ አለው።

ደረጃ 2፦ ትምህርት ቤታችሁ ከፍሎላችሁ እንደሆነ ጠይቁ

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው የአዶቢን ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) በጅምላ ገዝተው ያስቀምጣሉ። ብዙ ተማሪ አያውቀውም። ገንዘቡ ከምዝገባ ክፍያው ጋር ተቆርጦ ሳለ ከኪሱ ድጋሚ ይከፍላል። ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ፣ ስቶክሆልምም ሆነ ፍራንክፈርት የምትማሩ ልጆቻችን፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለቤተ መጻሕፍቱ ወይም ለትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል አንድ ኢሜይል ላኩ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦

ለእኔ ትምህርት ክፍል የፎቶሾፕና የላይትሩም ላይሰንስ አለ?
በራሴ ላፕቶፕ ላይ መጫን እችላለሁ ወይስ ላብ ውስጥ ብቻ ነው?
ስመረቅ ወይም ስለቅ ክላውድ ላይ ያስቀመጥኳቸው ፋይሎች ምን ይሆናሉ?

ሦስተኛውን እንዳትዘሉት። በትምህርት ቤቱ ላይሰንስ የተከፈተ አካውንት ባለቤቱ ትምህርት ቤቱ ነው። ሲዘጋ ክላውዱ ላይ ያለው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሁልጊዜ በራሳችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ ያዙ።

አገር ቤት የምትማሩ ከሆነ ላይሰንሱ ባይኖር እንኳ ላቡን ጠይቁ። የስንት ሰዓት ክፍት ነው? ማሽኖቹ ላይ ምን ተጭኗል? ለአንድ ሴሚስተር ፕሮጀክት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ላብ መግባት የዓመት ውል ሊያስቀር ይችላል።

ደረጃ 3፦ የቅናሹን ገጽ እንደ ውል አንብቡት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ትልቁን ቁጥር ተዉትና ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። አራት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ ቅናሹ የተደረገው በምን ላይ ነው? የአዶቢ የተማሪ ቅናሽ የሚታወቀው በሙሉ ጥቅሉ ላይ ነው። ጥቅሉ ከ20 በላይ ሶፍትዌር ይይዛል፤ ፎቶሾፕ፣ ላይትሩም፣ ኢለስትሬተር፣ ኢንዲዛይን፣ ፕሪምየር፣ አፍተር ኢፌክትስ እያለ ይቀጥላል። ለግራፊክስ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ፎቶሾፕ ብቻውን በወር ወደ 23 ዶላር ሲሸጥ፣ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ጥቅሉን በ20 ዶላር ገደማ ሲያገኝ ቆይቷል። ፎቶ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን ቀሪዎቹ ሶፍትዌሮች ዲስክ ከመያዝ በቀር ሥራ የላቸውም።

ሁለተኛ፣ ቅናሹ እስከ መቼ ነው? «የመጀመሪያ ዓመት» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። ከ12 ወር በኋላ ዋጋው ከፍ ይላል። ገና ተማሪ ብትሆኑም ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ ውሉ ምን ዓይነት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «በወር ይህን ያህል» ሲል በየወሩ ማቆም የሚቻል ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን የዓመት ውል ሆኖ ክፍያው በወር የተከፋፈለ ነው። በአዶቢ አሠራር እንዲህ ያለውን ውል በ14 ቀን ውስጥ ካፈረሳችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ከ14 ቀን በኋላ ካቆማችሁ ከቀሪው ዓመት ክፍያ ግማሹን ትቀጣላችሁ። በቁጥር እንየው። በወር 20 ዶላር ከሆነ ዓመቱ 240 ነው። ከአራት ወር በኋላ «በቃኝ» ብትሉ የቀሩት ስምንት ወራት 160 ዶላር ናቸው፤ ግማሹ 80 ዶላር ይቆረጣል። ያውም ለማትጠቀሙበት ሶፍትዌር።

ይህ ተራ ቅሬታ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. አዶቢን ፍርድ ቤት ያቆመው በዚሁ ጉዳይ ነው። ክሱ ኩባንያው የማቋረጫ ቅጣቱን ለደንበኞች በግልጽ አላሳየም፣ መሰረዙንም አስቸጋሪ አድርጎታል የሚል ነበር። ስለዚህ «ልክፈል» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት የውሉን ዓይነት የሚያሳየውን መስመር ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

አራተኛ፣ በራሱ ይታደሳል? አዎ፣ ይታደሳል። ለውሳኔው የሚጠቅማችሁ የሚታደስበት ቀንና የሚታደስበት ዋጋ ናቸው። ሁለቱንም ጻፉ።

አዶቢ ሶፍትዌሩን አንዴ ሸጦ መገላገልን ያቆመው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሲኤስ 6 የተባለው የመጨረሻው ሆነ። ላይትሩም ደግሞ በ6ኛው ስሪት አበቃ። ከዚያ ወዲህ የምትገዙት ፈቃድ ነው፤ ክፍያው ሲቆም ፈቃዱም ይቆማል። የዛሬ ቅናሽ ነገ ስንት ያስከፍላል ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ እስከ ምረቃችሁ ማግስት አስሉ

ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሥሩ። አንዱ ለተማሪ ጥቅሉ፣ አንዱ ለተራው የፎቶግራፍ ፓኬጅ፣ አንዱ ለነጻዎቹ። ወደ ታች የቀሯችሁን የትምህርት ዓመታት ጻፉ፤ በእነሱ ላይ ከምረቃ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት ጨምሩ።

ተራው የፎቶግራፍ ፓኬጅ ያልኩት ለማንም ሰው ክፍት የሆነውን ነው። ፎቶሾፕን፣ ላይትሩምን፣ ነባሩን የኮምፒውተር ላይትሩም ማለትም ላይትሩም ክላሲክንና 1 ቴራባይት የክላውድ ቦታ ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ በወር 20 ዶላር ገደማ ነው። ቀድሞ በ10 ዶላር ይሸጥ የነበረው ባለ 20 ጊጋባይቱ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ደንበኞች ተዘግቷል። በድሮ ምክር ተመርታችሁ እሱን እንዳትፈልጉ።

ለምሳሌ ያህል የአራት ዓመቱን እናስላ፤ የተማሪ ጥቅሉ በመጀመሪያው ዓመት በወር 20፣ ከዚያ በኋላ በወር 35 ዶላር ነው እንበል። የመጀመሪያው ዓመት 240 ይሆናል። ቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት እያንዳንዳቸው 420 ናቸው፤ ሦስቱ ሲደመሩ 1,260። የአራቱ ዓመት ድምር 1,500 ዶላር መጣ። የፎቶግራፍ ፓኬጁ ለዚሁ ጊዜ በወር 20 ሒሳብ 960 ነው። ፎቶ ብቻ ለሚሠራ ሰው «ቅናሽ» የተባለው ከተራው ዋጋ 540 ዶላር በልጦ ተገኘ ማለት ነው። ኢለስትሬተርንና ፕሪምየርን በየሳምንቱ ለሚጠቀም ተማሪ ግን የተማሪ ጥቅሉ አሁንም ርካሽ ነው። ሌላው ሰው ለዚያ ጥቅል በወር ከ50 ዶላር በላይ ይከፍላል።

በየወሩ በመክፈልና አንዴ ገዝቶ በመገላገል መሃል ያለ ምርጫም አለ። ፎቶሾፕ ኤለመንትስ የሚባለው ቀለል ያለው ስሪት ከ2025ቱ እትም ጀምሮ ለሦስት ዓመት በአንድ ክፍያ፣ በ100 ዶላር ገደማ ይሸጣል። በራሱ አይታደስም። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ግን ኤዲት ማድረጉ ያበቃል። ለቤተሰብ ፎቶ ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ መቀጠር ለሚፈልግ አልመክረውም፣ ምክንያቱም እጅ የሚለምደው የፎቶሾፕን አሠራር አይደለም።

ደረጃ 5፦ ኮምፒውተራችሁ ይችለዋል?

የአሁኑ ፎቶሾፕ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ የሚመከረው 16 ነው። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ብትገቡ የእናንተን ታያላችሁ። 4 ጊጋባይት ከሆነ ግዢውን እርሱት። 8 ከሆነና ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ይከፈታል፣ ግን ብሩሽ ባሳረፋችሁ ቁጥር ትጠብቃላችሁ። በዚህ ሁኔታ የአንዱ ዓመት 240 ዶላር ኤስኤስዲና ተጨማሪ ራም ላይ ቢውል የበለጠ ይጠቅማችኋል። ሶፍትዌሩ ነጻም ይሁን የተከፈለበት፣ ሁሉም ይፈጥናል።

ኢንተርኔቱንም አስቡት። መጀመሪያ የሚወርደው ብዙ ጊጋባይት ነው፤ ማሻሻያዎቹም ዳታ ይበላሉ። በሞባይል ፓኬጅ የምትሠሩ ከሆነ በራሱ የሚያሻሽለውን ምርጫ አጥፉት። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዕቃ የሚጨምሩትና ዳራ የሚሞሉት አዳዲስ መሣሪያዎች ደግሞ የሚሠሩት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ኔትወርክ ከሌለ የሉም። ሌላው ሥራ ግን ከመስመር ውጭም ይሄዳል። የዓመት ውል ያለው ደንበኛ እስከ 99 ቀን፣ የወር ውል ያለው እስከ 30 ቀን ኢንተርኔት ሳያገኝ ሊቆይ ይችላል። ኔትወርክ ለሳምንታት በሚጠፋበት አካባቢ ለምትሠሩ ይህ ልዩነት ከባድ ነው።

ደረጃ 6፦ ነጻዎቹን በራሳችሁ ፎቶ ፈትኑ

ሰው የሚሳሳተው ሶፍትዌርን በዩቲዩብ ሲያወዳድር ነው። እዚያ የምታዩት የባዕድ አገር ተራራና ፀሐይ መጥለቂያ ነው። የእናንተ ፈተና ሌላ ነው። ካነሳችኋቸው ሦስት ከባድ ፎቶ ምረጡና በሁሉም ላይ ያንኑ ሞክሩ።

የመጀመሪያው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ በቀትር ይሁን። ካሜራው ነጩን ልብስ አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቷ ይጨልማል። ፊቱን ለማውጣት ሙሉውን ፎቶ ስታበሩት ደግሞ የነጠላው ሽመና ይጠፋል፣ የጥለቱ ክር ከጨርቁ አይለይም። ጥሩ ኤዲት ማለት ፊቷ በርቶ፣ የጥለቱ ቀለም ሳይነጣ፣ ክሩ እየተቆጠረ ሲታይ ነው። ለዚህ ፊትን ብቻ የሚይዝ ማስክ (ማስተካከያው የሚያርፍበትን ቦታ የሚከልል ምርጫ) ያስፈልጋል። ላይትሩም ሰውን ራሱ ለይቶ የፊት ቆዳን ብቻ በአንድ ጠቅታ ይመርጥላችኋል። ዳርክቴብልም ያንኑ ያሠራል፤ ግን ማስኩን ራሳችሁ ትሥላላችሁ፣ ጠርዙን ታለሰልሳላችሁ፣ በብርሃን መጠን ትገድቡታላችሁ። ውጤቱ እኩል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ጊዜው ነው። ለአሥር ፎቶ ልዩነቱ አይሰማችሁም፤ ለአራት መቶ ፎቶ ግን ሌሊቱን ያነጋችኋል። እኔ እንደማየው የሚከፈልበትን ስትገዙ የምትገዙት በዋናነት ይህንን ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ፎቶ ከአዳራሽ ውስጥ ይሁን። በአንድ በኩል ቢጫ አምፖል፣ በሌላ በኩል የመድረኩ ሐምራዊ መብራት ያለበት። የቆዳውን ቀለም ወደ ተፈጥሮው መልሱ። ከዚያ ያንኑ ማስተካከያ በተመሳሳይ ቦታ በተነሱ ሃያ ፎቶዎች ላይ በአንዴ አድርጉት። በስንት ጠቅታ ሆነ?

ሦስተኛው ላይ የመብራት ሽቦና ከኋላ ያለፈ ሰው አጥፉ።

ለመሞከር የምመክራቸው እነዚህ ናቸው። አፊኒቲ ቀድሞ አንዴ ተከፍሎበት የሚገዛ ነበር። ካንቫ የተባለው የዲዛይን ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. ከገዛው በኋላ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ነጻ አደረገው፤ የካንቫ አካውንት መክፈት ብቻ ይጠይቃል። የሚከፈልባቸው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያዎቹ ብቻ ናቸው። ሌየር፣ ማስክ፣ ሮው መክፈት፣ ሁሉም አለው። እንደ ላይትሩም ሺህ ፎቶ የሚያደራጅ ክፍል ግን የለውም። በእኔ ግምት ፎቶሾፕ ለመግዛት የሚያስብ ተማሪ መጀመሪያ መጫን ያለበት ይህን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሚከፈልበትን ለመግዛት ያበቁ ከነበሩት ምክንያቶች ብዙዎቹ ዛሬ በእሱ የተነሳ ቀርተዋል።

ጊምፕ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነጻ ሶፍትዌር ነው። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 3.0 ዋናውን ፎቶ ሳያበላሹ ፊልተር መጨመርና መልሶ ማስተካከል አስችሏል። ድሮ ሞክራችሁ የተዋችሁት ካላችሁ እንደገና እዩት። ሮው ለመክፈት ግን ዳርክቴብልን ወይም ሮውቴራፒን አብራችሁ ጫኑ። ፎቶፒያ ደግሞ ሳይጫን ብራውዘር ላይ የሚከፈት ነው። ፒኤስዲ ይከፍታል፣ ፋይላችሁም እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ይቆያል። ለደካማ ላፕቶፕና በጥድፊያ ለሚታረም ፖስተር ይመቻል።

እነዚህን ከሞከራችሁ በኋላ ነው የፎቶሾፕን የሙከራ ጊዜ የምትከፍቱት። ሰባት ቀን ብቻ ነው። ካርድ ያስገባችኋል፣ በስምንተኛው ቀን ክፍያው በራሱ ይጀምራል። ስለዚህ ፈተና በሚበዛበት ሳምንት አትክፈቱት። እውነተኛ ሥራ በእጃችሁ ባለበት ሳምንት ክፈቱ። ስልካችሁ ላይ ለአምስተኛው ቀን ማስታወሻ ሙሉ። ሦስቱን ፎቶ በነጻዎቹ ከሠራችሁት አጠገብ አድርጋችሁ እዩ። ልዩነቱን የሙያ ጓደኛችሁ ሳትነግሩት ካልለየው አትግዙ። ውጤቱ እኩል ሆኖ ሰዓቱ በግማሽ ከቀነሰ፣ ሥራችሁም ብዙ ከሆነ፣ መግዛት ያዋጣል።

ደረጃ 7፦ ክፍያው በማን ካርድ፣ በምን ምንዛሪ?

አገር ቤት ላላችሁ ዋጋው የሚለካው በዶላር መሆኑን አትርሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የ20 ዶላር ክፍያ ማለት ያን ጊዜ ወደ 1,150 ብር ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ ክፍያውም ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። ሶፍትዌሩ ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ደንበኛ በብር እየከፈላችሁ በዶላር የዓመት ውል ስትገቡ ይህንን ሥጋት የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ለስሌታችሁ ከዛሬው ምንዛሪ በላይ መጠባበቂያ ያዙ።

ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ ከባንክ ስታወጡ አንድ ነገር አጣሩ፦ ካርዱ በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ የውጭ አገር ክፍያ ይቀበላል ወይ? አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስከፍል ካርድ ለወርሃዊ ውል አይሆንም። ብዙ ሻጮች የአካውንቱ አገርና የካርዱ አገር እንዲገጥም እንደሚፈልጉም እወቁ።

ብዙዎቻችን ውጭ ያለ ዘመድ እናስቸግራለን። ክፉ አይደለም፤ ግን ዘመዳችን «በወር 20 ዶላር» ብቻ ሰምቶ የዓመት ውል ውስጥ መግባት የለበትም። መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለትምህርቴ የፎቶ ሶፍትዌር ያስፈልገኛል። በወር 20 ዶላር ገደማ ነው፣ ውሉ ግን የአንድ ዓመት ነው። በመሃል ካቋረጥን ቅጣት አለው። ዓመቱ ሲያልቅ ዋጋው ስለሚጨምር ከዚያ በፊት እኔው አዘጋዋለሁ፤ ቀኑን ይዣለሁ። የሚከብድዎት ከሆነ ምንም አይደል፣ በነጻው እሠራለሁ።»

ቴሌግራም ላይ «የአንድ ዓመት አካውንት በጥቂት መቶ ብር» ከሚሉት ራቁ። ብዙ ጊዜ የሌላ ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት አካውንት ተከፋፍሎ የሚሸጥ ነው። ባለቤቱ ያወቀ ዕለት ይዘጋል። በዚያ አካውንት ክላውድ ላይ ያስቀመጣችሁትን የሙሽራ ፎቶ ማንም አይመልስላችሁም። ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞረው ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕም ያው ነው። ሲጫን አንቲቫይረስ አጥፉ ይላል። ያን ማሽን ላይ የባንክ መተግበሪያችሁን ትከፍታላችሁ፣ የደንበኛ ፎቶ ታስቀምጣላችሁ። አፊኒቲ በነጻ ባለበት ዘመን ይህን አደጋ የምትገቡበት ምክንያት አይታየኝም።

ደረጃ 8፦ ተማሪነታችሁን የሚያረጋግጥ ሰነድ አዘጋጁ

ቀላሉ መንገድ ከትምህርት ተቋሙ የተሰጠ ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ ወዲያው ተቀባይነት ካላገኘ ሰነድ ይጠየቃል፦ የተማሪ መታወቂያ፣ የውጤት ወረቀት ወይም የምዝገባ ክፍያ ደረሰኝ። አዶቢ እንደ ወቅታዊ የሚቆጥረው ከስድስት ወር ያልበለጠውን ነው። መታወቂያችሁ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ አካውንቱ ላይ ከጻፋችሁት ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። አንዱ ላይ የአያት ስም ኖሮ ሌላው ላይ ከሌለ መጓተት ያመጣል።

ደንበኛ የሚከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ላይሰንሱ የንግድ ሥራ ይፈቅድ እንደሆነ አንብቡ። አዶቢ በተማሪ ላይሰንስ ገቢ ያለው ሥራ መሥራትን ይፈቅዳል። ሁሉም ሻጭ ግን እንዲህ አይደለም፤ የትምህርት ስሪታቸውን ለልምምድ ብቻ የሚሰጡ አሉ።

ደረጃ 9፦ ወስኑ

ግዙ፦ ከጥቅሉ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሶፍትዌር በየሳምንቱ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ማሽናችሁ የሚችል ከሆነ፣ የሁለተኛውን ዓመት ሙሉ ዋጋም ዛሬ መክፈል የምትችሉ ከሆነ። ወይም ከፎቶ የምታገኙት የወር ገቢ ቢያንስ የወር ክፍያውን ብዙ እጥፍ የሚሸፍን ከሆነ።

ተራውን የፎቶግራፍ ፓኬጅ ውሰዱ፦ የምትሠሩት ፎቶ ብቻ ሆኖ ብዛት ካለው። ቅናሽ የሚል ቃል ስለሌለበት ብቻ አትለፉት።

ቆዩ፦ ልማር ብላችሁ ከሆነ። ሌየር፣ ማስክና ከርቭ (ብርሃንና ቀለም የሚስተካከልበት መስመር) በአፊኒቲም በጊምፕም ያው ናቸው። እዚያ የተማረ እጅ ፎቶሾፕን በአጭር ጊዜ ይለምደዋል። ደግሞ አንድ ሳትቸኩሉ የምታስቡት ነገር አለ፦ የመጀመሪያ ዓመት ቅናሹን የምታገኙት አንድ ጊዜ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። አንደኛ ዓመት ላይ ለልምምድ ከምታባክኑት፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትና የሥራ ማሳያ በምታዘጋጁበት በመጨረሻው ዓመት ብትጠቀሙበት ይሻላል።

ደረጃ 10፦ ከገዛችሁ መውጫውን በዚያው ዕለት አዘጋጁ

ስልካችሁ ላይ ሁለት ማስታወሻ ሙሉ። አንዱ ከገዛችሁ በ12ኛው ቀን፣ የመመለሻው 14 ቀን ሳያልፍ። ሌላው ውሉ ሊታደስ አንድ ወር ሲቀረው።

ዋናዎቹን የሮው ፋይሎች በራሳችሁ ሁለት ዲስክ ላይ ያዙ፤ ክላውድ ሦስተኛ ቅጂ ይሁን። ላይትሩም ክላሲክ ክፍያው ሲቆም አይዘጋም። ፎቶዎቻችሁን ማየትና ኤክስፖርት ማድረግ ትችላላችሁ፤ ኤዲት የሚደረግበት ክፍል ግን ይቆለፋል። በላይትሩም ያደረጋችሁት ማስተካከያ በሌላ ሶፍትዌር ሲከፈት እንደነበረ አይታይም። ስለዚህ የምትኮሩባቸውን ሥራዎች ክፍያው ከመቆሙ በፊት በሙሉ መጠን በቲፍ (ጥራቱን በሚጠብቅ የፎቶ ፋይል) አውጧቸው። ፒኤስዲ ፋይሎች ብዙም አያሳስቡም፤ አፊኒቲ፣ ጊምፕና ፎቶፒያ ይከፍቷቸዋል፣ አንዳንድ ኢፌክትና ጽሑፍ ሊዛባ ቢችልም። አንድ ሁለቱን አስቀድማችሁ ከፍታችሁ እዩ።

ለማቋረጥ ስትገቡ ገጹ ሌላ ቅናሽ፣ ነጻ ወራት፣ ዝቅ ያለ ፓኬጅ እያቀረበ ሊያቆያችሁ ይሞክራል። ያቀረበው ነገር ከደረጃ 4 ስሌታችሁ ጋር ከተስማማ ተቀበሉት፤ ካልተስማማ እስከ መጨረሻው ገጽ ሂዱ። መሰረዙን የሚያረጋግጠው ኢሜይል እስኪመጣ አትውጡ። ኢሜይሉን አስቀምጡ፣ በሚቀጥለው ወር የካርዱን ሒሳብ እዩ። ካርዱ የጋሼ ከሆነ ኢሜይሉን ለእሳቸውም ላኩላቸው።